አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንትነት



በሂርና፣ በጭሮ፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ በሚኤሶና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚኖሩ ወጣቶች ስፖርትን በሚመለከት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጡባቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። አንዱ ለቡድኑ የመጫወቻ ሜዳ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል፤ ሌላው ያቋቋመው ክለብ እንዲመዘገብለት ያመለክታል፤ ሦስተኛው በውድድር ላይ ደረሰብኝ የሚለውን በደል ይዞ ይቀርባል። እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ፣ በስብሰባ፣ በደንብና በድምፅ የሚወሰኑ የአስተዳደር ጉዳዮች ናቸው። በሀገራችን ታሪክ ይህንን የስፖርት አስተዳደር መንገድ ከጠረጉት ሰዎች መካከል ቀዳሚው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በመሆኑም የሕይወት ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን ከዚህ በታች አቅርበናል።

ትውልድና ትምህርት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው ስለ አውቶሞቢል የተማሩ ሲሆን፣ እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆነዋል። ልጃቸው የዜማውን መንገድ ባይከተሉም በአደባባይ የመናገርና የማሳመን ችሎታን ከአባታቸው እንደወረሱ የኋላው ሥራቸው ይመሰክራል።

አቶ ይድነቃቸው ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በዚያ ዘመን ዘመናዊ እግር ኳስ በዋና ከተማው ገና እንግዳ ነበር። የሚዘወተረውም በተማሪዎችና በከተማዋ በሚኖሩ የውጭ ሀገር ዜጎች፣ ይልቁንም በአርመኖች፣ በግሪኮችና በጣልያኖች ዘንድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር ወጣቶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ይሁንና ከቡድኑ ጋር የጀመሩት ግንኙነት ከ20 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ዘልቋል።

ሜዳን የከፈለ አገዛዝ

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት አዲስ አበባን ያዘ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን ስፖርትም እንደ ሌላው የኑሮ ዘርፍ ሁሉ በዘር ተከፈለ። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር እንዲጫወት የሚያስገድድ ሥርዓት ተዘረጋ። ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው ቡድኖች በራሳቸው ስም እንዳይጠሩ ተከለከለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር በሚል የጣልያንኛ ስም እንዲጫወት ተገደደ።

ይህ ዘመን በወጣቱ ይድነቃቸው ሕይወት ውስጥ ያለውን ቦታ ለመረዳት የኋላ ታሪካቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት የአፍሪካን ስፖርት ሲፈታተን፣ ጉዳዩ ለእርሳቸው በወሬ ብቻ የሚያውቁት የሩቅ አገር ችግር አልነበረም። ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሜዳ ሲከለከል ምን እንደሚመስል በገዛ ከተማቸው፣ በገዛ ቡድናቸው ላይ አይተውታል።

ከተጫዋችነት ወደ ጽሕፈት ቤት

ከነጻነት በኋላ የሀገሪቱን ስፖርት ከእንደገና ማደራጀት ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም አቶ ይድነቃቸው በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ተጫዋች ነበሩ። ያም ሆኖ ከማደራጀቱ ሥራ ዋነኛ ተሳታፊዎች አንዱ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ ዜጎች በአንድ ደንብ፣ በአንድ ሜዳ መጫወት የጀመሩበት ይህ ውድድር ከወረራው ዘመን ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው በሜዳም በጽሕፈት ቤትም በአንድ ጊዜ አገልግለዋል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ 365 ጨዋታዎችን አድርገው 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ፣ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ እንደተሰለፉ በታሪካቸው ተመዝግቧል። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ በ1940 ዓ.ም. ከያኔዋ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር አድርጎ 5 ለ 0 አሸንፏል። በሌላ በኩል ፌዴሬሽኑ የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር የፊፋ አባል እንዲሆን፣ የኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ኮሚቴም ተቋቁሞ በዓለም አቀፉ ኮሚቴ ዘንድ እውቅና እንዲያገኝ በተደረገው ጥረት ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በመጀመሪያ የኦሎምፒክ ውድድሯ ላይ መሰለፍ የቻለችው ይህ የወረቀት ሥራ አስቀድሞ በመሠራቱ ነው። የማንኛውም ሯጭ እግር ከመነሻው መስመር የሚደርሰው የአባልነት ማመልከቻ፣ የመተዳደሪያ ደንብና የምዝገባ ሰነድ ከተሟላ በኋላ መሆኑን በዚያን ጊዜ የተገነዘቡ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ።

ካርቱም፣ የካቲት 1949 ዓ.ም.

በ1940ዎቹ መጨረሻ አፍሪካ በዓለም እግር ኳስ ውስጥ የነበራት ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር። አብዛኞቹ ሀገሮች በቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበሩ የራሳቸው ፌዴሬሽን አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሊዝበን በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ላይ የተገኙ የግብጽ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች የአህጉሩን ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። በዚሁ መሠረት የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ ተመሠረተ። መሥራች አባላቱ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያን ወክለው በምሥረታው ከተካፈሉት አንዱ የ35 ዓመቱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

አዲሱ ማኅበር በተወለደ በቀናት ውስጥ ከባድ ፈተና ገጠመው። በዚያው ሰሞን በካርቱም ለሚደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ የሚገኙበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማትልክ አስታወቀች። አራት አባላት ብቻ ላሉት ማኅበር አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም፤ ውድድሩም በሦስት ቡድኖች ብቻ መካሄዱ ለአዲሱ ማኅበር ክብር የሚያሳንስ ይመስል ነበር። ይሁንና ሌሎቹ ሦስት መሥራቾች ሐሳባቸውን አላጠፉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ተጋጣሚዋ በመቅረቱ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብጽ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። የውጤቱ ሰሌዳ ለኢትዮጵያ የሚያኮራ አልነበረም፤ በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ የተያዘው አቋም ግን ለሚቀጥሉት 35 ዓመታት የአህጉሩ መመሪያ ሆኖ ዘልቋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ አቶ ይድነቃቸው ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መሩ። ተወዳዳሪዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ነበሩ። ግብጽ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደች ስትሆን፣ ኢትዮጵያ በሁለቱም ጊዜ በእርሷ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብጻውያኑ ሁለት ጊዜ መሪነቱን ያዙ። የመጀመሪያውን ግብ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገው፤ ወዲያውኑ ሁለተኛው ተቆጠረ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አከሉ። ዋንጫውንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ አስረከቡ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የወሰደችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ይህ ነው።

አንድ ቦታ ለሦስት አህጉራት

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአፍሪካ ሀገሮች በብዛት ነጻ ሲወጡ የካፍ አባላትም በፍጥነት በዙ። ሆኖም ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በጋራ የመደበው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንደገና ተጋጥሞ ካላሸነፈ ወደ እንግሊዝ መሄድ አይችልም ማለት ነው። ከ16 ተወዳዳሪዎች መካከል ለአፍሪካ አንድ እንኳ የተረጋገጠ ወንበር አልነበረም።

አቶ ይድነቃቸው በወቅቱ የጋናን ስፖርት ይመሩ ከነበሩት ከኦሄኔ ጃን ጋር በመሆን ውሳኔው እንዲሻሻል ተከራከሩ። አቤቱታው ተቀባይነት ሲያጣ የአፍሪካ ሀገሮች በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። የዚህ ውሳኔ ዋጋ ቀላል እንዳልነበረ መጥቀስ ይገባል። በ1956 እና በ1958 ዓ.ም. በተከታታይ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ዝነኛው የጋና ቡድን የዓለም ዋንጫን ሳያይ አለፈ፤ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ድል ያስገኘው ትውልድም እንዲሁ። ተጫዋች ጉልበቱ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ነውና የአራት ዓመት መጠበቅ ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ መጠበቅ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ራሳቸው ተጫዋች የነበሩ በመሆናቸው ይህን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቁታል።

መሥዋዕትነቱ ግን ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም በዚያ ቦታ ተሰለፈች። በ1974 ዛኢር፣ በ1978 ቱኒዝያ ተከተሉ። ቱኒዝያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። እ.ኤ.አ. በ1982 የአፍሪካ ድርሻ ወደ ሁለት ከፍ ሲል አልጄሪያና ካሜሩን ተካፈሉ። በ1986 ሞሮኮ እንግሊዝን፣ ፖላንድንና ፖርቱጋልን ካቀፈው ምድብ አንደኛ ሆና ወደ ሁለተኛው ዙር ያለፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሀገር ሆነች።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ኅልፈታቸውም ድረስ ለ15 ዓመታት በዚህ ኃላፊነት አገልግለዋል። ከዚሁ ጎን ለጎን በፊፋ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴና በዓለም አቀፍ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልነት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በባማኮ በተቋቋመው የአፍሪካ ከፍተኛ የስፖርት ምክር ቤትም ውስጥ ከፍ ያለ ሚና ነበራቸው።

በፊፋ ጉባኤ እያንዳንዱ ሀገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሀብታምም ይሁን ድኃ፣ ያለው አንድ ድምፅ ነው። አቶ ይድነቃቸው የዚህን ደንብ ትርጉም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ገንዘብና ዘመናዊ ስታዲየም የሌላት አፍሪካ በድምፅ ብዛት ግን ከማንም አታንስም፤ ድምፆቹ በአንድነት እስከቆሙ ድረስ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1974 በፍራንክፈርት በተካሄደው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ጆአዎ ሃቨላንዥ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ሩስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ወሳኝ ድርሻ ነበረው። ሰር ስታንሊ በደቡብ አፍሪካ ላይ የተጣለው እገዳ እንዲነሣ ይደግፉ የነበሩ ሲሆን፣ ሃቨላንዥ በአንጻሩ የዓለም ዋንጫ ተሳታፊዎች ቁጥር እንዲጨምር ቃል ገብተው ነበር።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአቶ ይድነቃቸው ጠረጴዛ አልጠፋም። ፊፋ ሀገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1961 አግዶ፣ በ1963 እገዳውን አንሥቶ፣ በ1964 የአፍሪካ ተቃውሞ ሲበረታ እንደገና አገደ። በመጨረሻም በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተደረገው ጉባኤ ከአባልነት ተሰረዘች። ከካርቱሙ ጉባኤ እስከ ሞንትሪያሉ ውሳኔ 19 ዓመታት ወስዷል። ደቡብ አፍሪካ ከዘር መድልዎ ሥርዓት ተላቅቃ ወደ ካፍና ወደ ፊፋ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ በ1996 በገዛ ሜዳዋ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። አቶ ይድነቃቸው ግን ይህንን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ይህ የመርሕ ትግል በሌሎች ስፖርቶችም ዋጋ አስከፍሏል። በዚያው በ1968 ዓ.ም. ክረምት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ምክንያት ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሀገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ወጡ። ታላቁ ሯጭ ምሩፅ ይፍጠር በብቃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ያ ዕድል አመለጠው። ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያዎችን በማግኘት ቢካስም፣ እንደ እርሱ ሁለተኛ ዕድል ያላገኙ አፍሪካውያን ስፖርተኞች ብዙ ናቸው።

አፍሪካ ዋንጫ በድሬዳዋ

ለምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ነዋሪዎች የቅርብ ትዝታ የሚሆነው በ1968 ዓ.ም. የተካሄደው አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ዋንጫውን በአዲስ አበባና በአሥመራ አዘጋጅታ የነበረ ሲሆን፣ በዚህኛው ዙር ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የተመረጠችው ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። በየካቲትና በመጋቢት ወራት የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛኢር ቡድኖች የምድብ ጨዋታቸውን በድሬዳዋ አደረጉ። ከጨርጨር ተራሮች፣ ከአሰበ ተፈሪና ከሂርና በመኪና፣ ከሚኤሶ ደግሞ በባቡር የሚደረስባት ከተማ የአህጉሩን ምርጥ ተጫዋቾች አስተናገደች። ዋንጫውን የወሰደችውም ከድሬዳዋው ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ናት፤ ይህም ለሀገሪቱ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር።

ታላላቅ ውድድሮች በዋና ከተሞች ብቻ ተወስነው እንዳይቀሩ ማድረግ የስፖርት መሠረተ ልማትን ለማስፋፋት ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ውድድር የሚመጣበት ከተማ ሜዳው ይስተካከላል፣ ማረፊያው ይዘጋጃል፣ ወጣቱም በዓይኑ አይቶ ይማራል።

የጸኑና ያልጸኑ አቋሞች

አቶ ይድነቃቸው በመሩት ዘመን የካፍ ውድድሮች እየበዙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1975 የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ በ1979 ደግሞ የወጣቶች ሻምፒዮና ተጀመረ። የወጣቶቹ ውድድር በመጀመሪያ ዓመታቱ በስማቸው ተሰማ ዋንጫ ተብሎ ይጠራ ነበር። በአራት ሀገሮች የተመሠረተው ማኅበር እርሳቸው ሲያልፉ ከአርባ በላይ አባላት ነበሩት።

ሁሉም አቋሞቻቸው ግን አልዘለቁም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው የአህጉሩን እግር ኳስ ባዶ ያስቀረዋል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማሰለፍ የሚችለው ከሁለት ያልበለጡ በውጭ ሀገር የሚጫወቱ ተጫዋቾችን ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ይህ ደንብ በ1982 ተነሣ። ዛሬ የአብዛኞቹ የአፍሪካ ቡድኖች ተሰላፊዎች በውጭ ክለቦች የሚጫወቱ ናቸው፤ ተጫዋቾቹ የተሻለ ገቢና ልምድ ማግኘታቸው ባይካድም የሀገር ውስጥ ሊጎች መዳከም እርሳቸው የፈሩትን ያስታውሳል።

በተመሳሳይም የሲጋራና የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በአፍሪካ ስታዲየሞች እንዳይገባ ተከላክለዋል። ገንዘብ ለቸገረው ማኅበር እንዲህ ያለውን ገቢ መግፋት ከባድ ውሳኔ ነበር። ወጣቱን ወደ ጤናማ ሕይወት የሚጠራ ስፖርት ጤናን በሚጎዳ ምርት ገንዘብ ሊተዳደር አይገባም የሚለው አስተሳሰባቸው በዘመኑ ለአንዳንዶች የማይጨበጥ መስሎ ቢታይም፣ ዛሬ በብዙ ሀገሮች በሕግ የተደነገገ ሆኗል።

በሀገር ውስጥ ያለው ታሪክ ደግሞ ቁጭት የሚያሳድር ነው። ኢትዮጵያ ካፍን ከመሠረቱት አንዷ ሆና፣ ፕሬዚዳንቱንም ለ15 ዓመታት ሰጥታ ሳለ፣ ብሔራዊ ቡድኗ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2013 ነው። በአህጉር ደረጃ የተገኘ የአስተዳደር ክብር በቀበሌና በወረዳ ሜዳዎች፣ በታዳጊ ሥልጠናና በጠንካራ ክለቦች ካልተደገፈ በራሱ ውጤት እንደማያመጣ ይህ የ31 ዓመት ርቀት ያሳያል።

ኅልፈት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በካፍ ፕሬዚዳንትነት ላይ እያሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። 66ኛ ዓመታቸውን የሚይዙበት የዘመን መለወጫ በዓል ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ይቀረው ነበር። በዘውዱ ሥርዓትም ሆነ በደርግ ዘመን፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ የአህጉሩን አደራ ተሸክመው የቆዩ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ በጊዜያዊነት፣ ቀጥሎም ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ በምርጫ ቦታውን ተረክበዋል።

ከሕይወታቸው ለተገልጋዮች

የአቶ ይድነቃቸው ታሪክ ዛሬ ክለብ ለሚያቋቁም፣ ሜዳ ለሚጠይቅ ወይም አቤቱታ ለሚያቀርብ ዜጋ የሚሰጠው ተግባራዊ ትምህርት አለ።

አንደኛ፣ በቃል የተነገረ ጥያቄ ይረሳል፤ በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ግን መልስ ይጠብቃል። ማንኛውም ቡድን ስብሰባውን በቃለ ጉባኤ፣ ዓላማውን በመተዳደሪያ ደንብ፣ ጥያቄውን በተፈረመ ማመልከቻ ቢይዝ ጉዳዩን ለማስፈጸም ይቀለዋል። የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዝርዝር በቅድሚያ ከወረዳ ወይም ከከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት መመላለስን ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ከተማ ያሉ አምስት ቡድኖች ለአንድ ሜዳ አምስት የተለያዩ ማመልከቻዎች ይዘው ከሚመጡ፣ ተስማምተውና የመጫወቻ ሰዓት ተከፋፍለው በአንድነት ቢቀርቡ ጥያቄያቸው ክብደት ያገኛል። አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ቦታዋን ያገኘችው በአንድ ድምፅ ስትናገር ነው።

ሦስተኛ፣ በቋንቋ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ማንንም ከሜዳ የሚያገል ቡድን የአቶ ይድነቃቸው ትውልድ ከካርቱም ጀምሮ የታገለውን ሥርዓት በትንሹ ይደግማል። በምዝገባም ሆነ በውድድር ወቅት እንዲህ ያለ መድልዎ የደረሰበት ዜጋ በየደረጃው ለሚገኘው ጽሕፈት ቤት የማመልከት መብት አለው።

በመጨረሻም፣ የመሥሪያ ቤቶቻችን ሠራተኞችም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ድርሻ አለ። ፊፋ የአፍሪካን አቤቱታ ችላ ባለበት ጊዜ የተጎዱት የጉባኤው ተሰብሳቢዎች አልነበሩም፤ ምርጥ ዘመናቸው ያለ ዓለም ዋንጫ ያለፈባቸው ተጫዋቾች ነበሩ። በጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ የሚቆይ የአንድ ዓመት ማመልከቻም የአንድ ታዳጊ የልጅነት ዓመት ነው። መልሱ ይሁንታም ቢሆን ክልከላ፣ በጊዜውና ከነምክንያቱ ሊሰጠው ይገባል።